አዋላጃችንን በስምንት ዓመት ያስረጀው ቀመር

ዲላ፣ ግንቦት 14 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ይርጉ ደመላሽ
የሰው ሀብት ሥራ አመራር ደጋፊ የሥራ ሂደት ባለቤት
(የጽሕፈት ቤትዎን ስም ለክብሩ ስል ዘልዬዋለሁ፤ እርስዎ ያውቁታል።)

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ወገብዎን፣ ዓይንዎን፣ በተለይም ደረጃ ሲወጡ ያስቸግርዎታል ሲባል የሰማሁትን ጉልበትዎን እግዚአብሔር እንዲጠብቅልዎ ከልብ እመኛለሁ። ዕድሜዎንም ያርዝምልዎ እንዳልል ግን እጄ ይያዝብኛል፤ በጽሕፈት ቤትዎ ዕድሜ የሚያረዝመው እግዚአብሔር አለመሆኑን በቅርቡ ስለ ተረዳሁ፣ በሰው ሥራ ጣልቃ መግባት አልወድም።

እኔ በዚህ ከተማ ሒሳብ ሳስተምር ኖሬ በጡረታ የተገለልሁ ሴት ነኝ። የተማርሁት በአዳሪ ትምህርት ቤት፣ መልሱን በትክክል አግኝታ መንገዱን ያላሳየች ልጅ እንደ ተሳሳተች በምትቆጠርበት ዘመን ነው። ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ በፊት በታሸገ ፖስታ ደጋግሜ ጽፌልዎ ነበር። መዝገብ ቤትዎ ደብዳቤዎቼን ሁሉ በታላቅ ትሕትና ተቀብሎ ቁጥር ሰጥቷቸዋል። ቁጥር በመስጠት ረገድ ጽሕፈት ቤትዎ እንከን የለበትም፤ የተሰጠው ቁጥር ምን ማለት እንደ ሆነ ማወቅ ግን የማንም የሥራ ድርሻ አይመስልም። እርስዎ የታሸገ ፖስታ መክፈት እንደሚከብድዎ ስለ ገባኝ፣ ይህኛውን ከመነሻው ክፍት አድርጌ በአደባባይ ልኬልዎታለሁ።

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ ልንገር። ሲስተር አልጣሽ ከገበያው በላይ ባለው ጤና ጣቢያ አዋላጅ ናት። ሥራ የጀመረችው ጨለለቅቱ ነበር፤ እዚያ ሳለች ጌዴኦኛ ጠንቅቃ ስለ ተማረች፣ ከተራራው የሚወርዱ እናቶች በምጣቸው መካከል አማርኛ ለመፈለግ አይገደዱም። በመጋቢት መጨረሻ በእርስዎ ፊርማ አንድ ደብዳቤ ደረሳት። ደብዳቤው ዕድሜዋ ስልሳ ዓመት መሙላቱን ገልጾ፣ ላበረከተችው አገልግሎት ካመሰገነ በኋላ፣ ያላትን የዓመት ፈቃድ ከወዲሁ ወስዳ እንድትጨርስና ሰኔ 30 ቀን በጡረታ እንድትሰናበት ያዝዛል።

አልጣሽ የተወለደችው በ1952 ዓ.ም. ነው። ያለነው በ2004 ዓ.ም. ነው። ለዚህስ እርሳስ አላነሣም።

አልጣሽ በታዘዘችው ፈቃድ ስትወጣ በቦታዋ የተተካ ሰው የለም። የማዋለጃው ክፍል ቁልፍ ወደ ንብረት ክፍል ተመለሰ፤ ንብረት ክፍሉም እስከማውቀው ድረስ አያዋልድም። በሚያዝያ ሀዲጃ የምትባለውን፣ የባለሱቁን የሰይድን ሚስት ምጥ ያዛትና በዚያ በሚወርደው ዝናብ ባሏ ደግፎ ወደ ጤና ጣቢያው ወሰዳት። ዘበኛው በሩ ላይ ቆሞ “ሲስተር አርጅተው ጡረታ ወጥተዋል” ቢለው፣ ሰይድ “ማን ነው ያረጀው? አልጣሽ? በቀደም ስኳሯን ገዝታ ዳገቱን እንደ ፍየል ነው እኮ የወጣችው!” ብሎ ጮኸ። መጮኹ በሩን አልከፈተለትም። በባጃጅ ወደ ሆስፒታል ሲጣደፉ ሕፃኗ መንገድ ላይ፣ ባጃጁ ውስጥ ከሹፌሩ ጀርባ ተወለደች። እናቲቱ ብዙ ደም ፈሷት ሐኪሞች በመከራ ነው ያተረፏት። ዛሬ ሁለቱም ደኅና ናቸው፤ ለዚህ የማመሰግነው እግዚአብሔርን፣ ሐኪሞቹንና የባጃጁን ሹፌር ነው፤ የእርስዎ ስም በዝርዝሩ ውስጥ የለም።

እንግዲህ ከጉዳዩ ወደ ቅሬታዎቼ ልለፍ፤ ለአያያዝ እንዲመችዎ በቁጥር አድርጌያቸዋለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ቅነሳው።

ጽሕፈት ቤትዎ ድረስ መጥቼ፣ የሠራተኞችን መዝገብ በኤክሴል የሚይዘውን ወጣቱን ፊሊጶስን አገኘሁት። ጨዋ ልጅ ነው፤ ወንበር ሰጥቶኛል። አልጣሽን ስልሳ ዓመት ያደረጋት ማን ነው ብዬ ብጠይቀው “ፎርሙላው ነው ያለው እማማ፣ እኔ አይደለሁም” አለኝ። ፎርሙላውን ማን ጻፈው ስለው “እኔ” አለኝ። እንግዲያው ያለው ማን ነው ስለው ደግሞ እንደገና “ፎርሙላው” አለኝ። በዚህ መንገድ እስከ ምሳ ሰዓት መሄድ ይቻል ስለ ነበር፣ መዝገቡን ከፍቶ ቀመሩን እንዲያሳየኝ ለመንሁት።

ቀመሩ አጭርና ግልጽ ነው፤ ከዛሬው ዓመት ላይ የትውልድን ዓመት ቀንስ ይላል። ክፋት የለበትም። ነገር ግን ኮምፒውተሩ ዛሬ ስንት ዓመተ ምሕረት ነው ተብሎ ሲጠየቅ የሚያውቀው የፈረንጆቹን 2012 ብቻ ነው፤ የሠራተኞቻችሁ የትውልድ ዘመን ደግሞ የተጻፈው በእኛው አቆጣጠር ነው። ጽሕፈት ቤትዎ ከፈረንጅ ዘመን ላይ የሐበሻ ዘመን ቀንሶ የተረፈውን ዕድሜ ብሎ ጠራው። የአራተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ከክንድ ላይ ጣሳ እንደማይቀነስ ያውቁ ነበር፤ ያላወቀም ከክፍል ውጭ ቆሞ ያስብበት ነበር። የሚያስገርመው ደግሞ አልጣሽ በታኅሣሥ መጀመሪያ በዚሁ መዝገብ ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ ፈረንጆቹ የአዲስ ዓመት ርችታቸውን በተኮሱ ማግስት፣ እሷ ሳትሰማ ስልሳ ሞላት። ዲላ ተቀምጣ በሌላ አገር ርችት የምታረጅ ሴት ከዚህ በፊት አላጋጠመችኝም።

በዚሁ ስሌት የሰይድና የሀዲጃ ሕፃን በተወለደችበት ዕለት ስምንት ዓመት ሞልቷት ነበር። ለመጪው መስከረም ሁለተኛ ክፍል እንድትመዘገብ የትብብር ደብዳቤ ቢጽፉላት ወላጆቿ ደስ ይላቸዋል።

ሁለተኛ፣ ስለ ዓይን።

ጡረታ ወጪዎች የተለዩበት የሠራተኞች ዝርዝር ግርጌ ላይ “ያዘጋጀው”፣ “የመረመረው”፣ “ያጸደቀው” የሚሉ ቃላት አሉ፤ በሦስቱም ፊት ፊርማ አለ፤ ፊርማዎቹም በጣም ያማሩ ናቸው። በመካከላቸው አልጣሽን በዓይኑ ያየ ሰው ግን የለም። ባለፈው ዓመት ከኮሌጅ የወጣች፣ ድምፅዋ ገና የተማሪ የሆነ የላቦራቶሪ ሠራተኛ በዝርዝሩ ላይ የሠላሳ አንድ ዓመት ሴት ሆና ስትገኝ፣ ሦስት ፈራሚዎች አንድ ጊዜ እንኳን ቅንድባቸውን አላነሡም። በእኔ ዘመን መልስ ካገኘን በኋላ “ይህ ቁጥር ሰው ይመስላል?” ብለን እንድንጠይቅ እንገደድ ነበር። ኮምፒውተር ከመጣ ወዲህ ይህ ጥያቄ ከሥራ ሂደቱ ውስጥ መሠረዙን የነገረኝ የለም።

ሦስተኛ፣ ስለ አትጠገብ።

የጽዳት ሠራተኛችሁ አትጠገብ በጳጉሜን መወለዷ በማኅደሯ ተጽፏል። በመዝገቡ የትውልድ ቀን፣ ወርና ዓመት በአንድ ላይ ስለሚጻፉ፣ አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል ነገር የማያውቀው ኮምፒውተር ዕድሜዋ በሚወጣበት ሳጥን ላይ የስህተት ምልክት አወጣ። ይህ ምልክት፣ ክቡር ሆይ፣ የዚህ ሁሉ ታሪክ ብቸኛው ሐቀኛ ሠራተኛ ነበር፤ “አላውቅም” ብሎ ነበርና። ፊሊጶስ ግን ሪፖርት ሲታተም ያስጠላል ተብሎ ስለ ታዘዘ፣ ስህተት ባለበት ሁሉ ዜሮ ጻፍ የሚል ቀመር ደርቦ አለበሰው። ስለዚህ አትጠገብ ዛሬ ዜሮ ዓመቷ ነው። ገና ያልተወለደች ሴት በየማለዳው የቢሮዎን ወለል ትወለውላለች። ሲያልፉ ጫማዎን ይጥረጉላት።

አራተኛ፣ ስለ ተሰጠኝ መፍትሔ።

ፊሊጶስ ነገሩ ሲገባው ግንባሩን ይዞ “ውይ!” አለ፤ በዚያች አንድ ቃል ከመላው ጽሕፈት ቤትዎ ጋር ታርቄ ነበር። ዕርቁ አልቆየም። ወዲያው “ቀላል ነው እማማ፤ የሲስተርን የትውልድ ዓመት 1960 እናድርገውና ሃምሳ ሁለት ይመጣላቸዋል” አለኝ። ቀመሩ ተሳስቶ ሳለ የሚታረመው ሰው ነው! የአልጣሽ እናት ልጃቸውን በስምንት ዓመት ዘግይተው ይወልዱ ዘንድ፣ አልጣሽም ገና ልጅ ሳለች በነርስነት ተመርቃ ጨለለቅቱ ትላክ ዘንድ። ቀመሩን ለምን አታርመውም ስለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ “ሪፖርቱ ለበላይ አካል ተልኳል፤ ቀመሩን ከነካነው የሁሉም ይለወጣል” አለኝ። እውነቱን ነው፤ ትክክል የሆነ ነገር እንዲህ ያለ ጠባይ አለበት፤ ለሁሉም ይሆናል።

እስከዚህ ድረስ የነበረኝ ቁጣ ብቻ ነበር። ባለማወቅ የሚሠራ ስህተት ያስቆጣኛል እንጂ አያስጠላኝም፤ የተሳሳተ ልጅ ሳርም ነው ዕድሜዬን የፈጀሁት። የሚቀጥለውን ግን በአፍንጫዬ ላይ መሐረብ ይዤ ነው የምጽፍልዎ።

አምስተኛ።

ፊሊጶስ ሳጥኖቹን አንድ በአንድ እንዲጫንልኝ ጠየቅሁት። ኤክሴል አንድ መልካም ጠባይ አለው፤ አንድ ሳጥን ሲጫኑት በላይ በኩል ባለው መስመር በውስጡ ያለውን ያሳያል፤ ቀመር ከሆነ ቀመሩን፣ በእጅ የተጻፈ ከሆነ ያንኑ የተጻፈውን። የአልጣሽን ተጫነ፤ ቀመር። የላቦራቶሪዋን ተጫነ፤ ቀመር። የዘበኛውን፣ የሹፌሩን፣ የሁሉንም ተጫነ፤ ቀመር። ከዚያ ወደ ላይ ወጣና የመጀመሪያውን ረድፍ፣ የአቶ ይርጉ ደመላሽን ተጫነ። ቀመር የለም። ሃምሳ አራት የሚል ቁጥር ብቻ፣ በእጅ የተጻፈ።

ይህ ለምን ተለየ ብዬ ጠየቅሁት። ፊሊጶስ አንገቱን ደፋ። “እሱማ… በጥር ላይ የሠራተኞች ዝርዝር ለማውጣት መዝገቡ ሲከፈት ለአቶ ይርጉ ስልሳ ሁለት ብሎ አወጣ። ‘እኔ ነኝ ስልሳ ሁለት?’ ብለው በጣም ተቆጡ። አስተካክል አሉኝ፣ አስተካከልሁ” አለኝ። የማንን ብዬ ብጠይቀው “የእሳቸውን” አለ። ስለ ሌሎቹስ ምን አሉህ ስለው “ስለ ሌሎቹ ምንም አላሉኝም” አለ። ይህን የነገረኝ ስለ ጠየቅሁት ነውና ልጁን እንዳይቀጡት፤ ከቀጡት ሌላ ደብዳቤ ለመጻፍ የሚበቃ ወረቀት አለኝ።

ስለዚህ አንድ ይቅርታ አለብኝ። ጽሕፈት ቤትዎ የቀመርን ስህተት ፈልጎ ማግኘት አይችልም እያልሁ በከተማው ሁሉ አምቼዎታለሁ። ስህተቱን ግን እርስዎ ከእኔ አራት ወር ቀድመው አግኝተውታል። መርምረው አረጋግጠዋል፤ በአንድ ጀንበርም አሳርመውታል። በእርስዎ ሳጥን ውስጥ። ከዚያ በኋላ፣ ስህተት መሆኑን እያወቁ፣ በዚያው ቀመር የወጣውን የአልጣሽን ስልሳ ዓመት ተመልክተው በመጋቢት ፈረሙበት። ሲቆርሱ ለራስ አያሳንሱም ይባል ነበር፤ እርስዎ ሲቆጥሩ ለራስዎ አሳነሱ፣ ትርፉን ለአዋላጇ አደረጉት። ሀዲጃ ባጃጅ ውስጥ ደሟ ሲፈስ የነበረው፣ እርስዎ በጥር ያወቁት ነገር ከእርስዎ ረድፍ ወርዶ ወደሚቀጥለው ረድፍ ስላልደረሰ ነው። ይህ ነገር በአማርኛ ስም አለው፤ በአዳሪ ትምህርት ቤት እንዲህ ያለውን ቃል የተናገረች ልጅ አፏን በሳሙና ትታጠብ ስለ ነበር አልጽፈውም።

አልጣሽን ሄጄ ነገርኋት። የምትቆጣ መስሎኝ ነበር፤ አልተቆጣችም። እጆቿን ዘርግታ ገለባብጣ አየቻቸውና “እትዬ ፀሐይወርቅ፣ ይዩልኝ እስቲ፤ አይንቀጠቀጡም እኮ” አለችኝ። እኔም አየሁ፤ አይንቀጠቀጡም። ቀጥላም “ተዉት፣ ከቢሮ ጋር ተጣልቶ የረታ የለም” አለችኝ። መተው አልተማርሁም።

ስለዚህ ክቡርነትዎን በአክብሮት የምጠይቀው ይህን ነው። ሰኔ 30 ከመድረሱ በፊት የአልጣሽ ደብዳቤ ይሻርላት፤ የማዋለጃው ክፍል ቁልፍም ከንብረት ክፍል ወጥቶ እጇ ይግባ። ቀኑ ካለፈ በኋላ ማኅደሯ ወደ ጡረታ ስለሚተላለፍ፣ አንዲት ጤነኛ ሴት ወጣትነቷን ለማስመስከር ከቢሮ ቢሮ ስትዞር በእውነት ታረጃለች፤ ያን ጊዜ ቀመርዎ ትክክል ይሆናል።

ቀመሩን ስለ ማረም ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፤ ጽሕፈት ቤትዎን ስለማውቅ የሚመጣውን መፍትሔ ከወዲሁ እፈራለሁና። ከሁሉም ላይ ስምንት ዓመት ቀንሱ ብለው እንዳያዝዙ። በእኛና በፈረንጆቹ መካከል ያለው ልዩነት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሃያ አንድ ወይም ሃያ ሁለት ድረስ ሰባት ነው፤ ስምንት የሚሆነው ከዚያ በኋላ ነው። ስምንት ከቀነሳችሁ በመስከረም የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ በአንድ ዓመት ወጣት ሆኖ ያድራል፤ ለዚህም በዓል ታዘጋጁ ይሆናል። ይልቁንም በመዝገቡ ራስ ላይ በአንድ ሳጥን ውስጥ የዘመኑን ዓመተ ምሕረት በእኛ አቆጣጠር ጻፉ፤ በየዕንቁጣጣሹም ለውጡት። የትውልዱን ዓመት ከቀንና ከወሩ ለይታችሁ በራሱ ዓምድ አስቀምጡት፤ ያን ጊዜ አትጠገብም በጳጉሜኗ እንዳለች ትወለዳለች። ስህተት ሲመጣ በዜሮ አትሸፍኑት፤ ቀይ ሆኖ ይታይ፤ ይታፈርበት። ቀመሩን ወደ ታች ከመገልበጣችሁ በፊትም አንድ ሰው መርጣችሁ ዕድሜውን በእርሳስ አስሉና ራሱን ጠይቁት። ሰው ዕድሜውን ያውቃል። እርስዎም አውቀዋል።

እስከዚህ በትዕግሥት ስላነበቡልኝ፣ ለጠየቅኋቸው ጥያቄዎች በዝምታ ስለ መለሱልኝ፣ የአንድ ሳጥን ያህል እንኳን ቢሆን ለእውነት ስለ ተቆረቆሩ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እያመሰገንሁ፣ ለሥራ ሂደትዎም አንድ ቀን ባለቤት እንዲገኝለት እየተመኘሁ፣ ከማይለወጥ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

ፀሐይወርቅ ሠረቀብርሃን
የሒሳብ መምህርት የነበረች

ግልባጭ፦
ለሲስተር አልጣሽ
ለአቶ ሰይድና ለወይዘሮ ሀዲጃ
ለጡረታ ጉዳይ ለሚመለከተው ክፍል

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤውን ከፈረምሁ በኋላ፣ ማንም ሳጥን እንዳይጫን መዝገቡን በይለፍ ቃል እንዳስቆለፉት ሰማሁ። ለፍጥነትዎ አድናቆቴን እገልጻለሁ፤ እኔ ግን ፊሊጶስ ዘንድ በመጣሁ ዕለት አሳትሜ ወስጄው ነበር። የታተመውን ለጡረታ ክፍል በላክሁ ጊዜ፣ ሁሉን በእኩል ዓይን ማየት ስለሚገባ፣ በመጀመሪያው ረድፍ ላይ ከእርስዎ በስተቀር ለሁሉም የሠራው ቀመር እንዲሠራ በትሕትና አመልክቻለሁ፤ ስልሳ ሁለት ዓመት ሆኖዎታል። ከእንግዲህ ምርጫው የእርስዎ ነው፤ ወይ አልጣሽ በሃምሳ ሁለቷ፣ እርስዎም በሃምሳ አራትዎ ሥራችሁ ላይ ትቆያላችሁ፣ ወይ ሰኔ 30 ቀን ሁለታችሁም ትሸኛላችሁ። ሁለተኛውን ከመረጡ፣ በጡረተኞች ማኅበራችን የሐምሌ ወር ስብሰባ ላይ ወንበር ይዤ እጠብቅዎታለሁ፤ ለምዝገባው የትውልድ ዘመንዎን ብቻ ይንገሩን፣ የቀረውን በእጃችን እናሰላለን።